የበኩራቱ ጥራጊ

ቲሞናሳ፣ በኦልቢያ ለሚኖረው ወንድሟ ለቴሌስያስ
ወይን በሚለቀምበት ወር፣ በፓሲክሌስ የሹመት ዓመት

ወንድሜ ሆይ፣ እንደምን ከርመሃል? እኔ ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ደኅና አይደለም፤ አንተ ግን የጠየቅኸው ስለ ጣሪያው ነው። ጣሪያው አያፈስም።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ አንዴ ለናፍቆቴ፣ አንዴ ለስሕተቶችህ። ጽሕፈትህ ተበላሽቷል። አባታችን ሁለታችንን በአንድ ሰሌዳ ላይ ሲያስተምር የኔን ጣቶች ካንተ አብልጦ በዘንግ ይመታ የነበረው፣ ሴት ልጅ ከጻፈች አይቀር እንከን የሌለበት መጻፍ አለባት ብሎ ነው። አሁን ቢያይህ ለብዙ ዓመት የቀረብህን ዱላ በአንድ ቀን ይከፍልህ ነበር። የሰማይን አሠራር አውቃለሁ የሚል ሰው አንድ ፊደል ከጎረቤቱ ፊደል ለይቶ መጻፍ ሊያቅተው አይገባም።

ለመዘግየቴ ይቅር በለኝ። መርከብ አጥቼ አይደለም፤ ሚኮን በዚህ በጋ ሄዶ ተመልሷል። የምጽፈው ነገር ደስ ስላላለኝ ነው ያቆየሁት።

ሰው አሁንም ስሜን ያነሣል ወይ ብለሃል። ያነሣል። ልጆች በመንገድ ላይ አንተን ይጫወቱሃል። አንዱ እንደ ሲሞስ ያነክሳል፤ አንዱ አንተን ይሆንና የበለሱን ሐብል ከአንገቱ በጥሶ ይበላል፤ የቀሩት ሁለቱንም እያሳደዱ ይደበድባሉ። ሁሉም አንተን መሆን ስለሚፈልጉ ጨዋታው በጠብ ይጀምራል።

ዘንድሮ ንዳዱ ከወትሮው ቀድሞ ገባ። ወንዙ ደለሉን ማምጣቱን አልተወም፤ አንተ የሄድህ ጊዜ ጀልባ ይታሰርበት የነበረው ቦታ አሁን ሸምበቆ በቅሎበታል። የሸክላ ሠሪው ሚስት ሚርቶ ሁለቱንም ልጆቿን ቀበረች። ጉባኤው በንዳድ ለሞተ ሰው ጮኾ ማልቀስን ከልክሏል፤ አፖሎን በቀስቱ ለመታው ማልቀስ አምላኩን መክሰስ ነው ተብሏል። ሚርቶ ልጆቿን ስትቀብር ሻሿን ነክሳ ነበር።

አሁን ወዳቆየሁት ነገር ልምጣ። የአጎታችን ልጅ ፓሲክሌስ የሹመት ልብሱን ለብሶ ቤቴ መጣ። እንዲቀመጥ ጠየቅሁት፤ አልቀመጥም አለ። ከዚያ ተቀመጠ።

«ቲሞናሳ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት የጀመርነው ነገር ሳይጨረስ ቀርቷል» አለኝ።

«የቱ ነገር?»

«ጥራጊው ነዋ። ወንድምሽ በአምላክና በሰው ፊት የሲሞስን ሐብል በጥሶ በለሱን በላ። ‘ንዳዱ ያለው ረግረጉ ውስጥ ነው፤ ሰው ከምትጠርጉ አካፋ አምጡ’ ብሎ ከተማውን አሳቀ። አፖሎን ግን አልሳቀም። ለሚመጣው የበኩራት በዓል ሲሞስ ይወጣል። በእሱ ተጀምሯል፣ በእሱ ይጨረሳል።»

«ሲሞስ ምን አጠፋ?»

«ምንም። ያጠፋ ሰውማ የራሱን ነው ተሸክሞ የሚሄደው፤ የኛን አይሸከምልንም።»

ይህን ሲል ፊቱ ላይ ክፋት አላየሁም፤ ያስፈራኝም እሱ ነው። ያን አንካሳ የገብስ ቂጣና አይብ አብልተው፣ በለስ አንገቱ ላይ አንጠልጥለው፣ በባሕር ሽንኩርት እየገረፉ ከበሩ አውጥተው በድንጋይ ሊያሳድዱት ነው፤ ንዳዱን ይዞልን እንዲሄድ። ከእሱ በፊት የወጣው ሰው ወንዙን እንኳ ሳይሻገር እንደቀረ አንተም እኔም እናውቃለን።

ከዚያ ፓሲክሌስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወይም ደግሞ ወንድምሽ ይምጣ። በታረደው ከርከሮ ሥጋ ላይ ቆሞ፣ ንዳድን የሚልክ አፖሎን ነው፣ ፀሐይም አምላክ ነው ብሎ ይማል። ያን ጊዜ ያለፈው ሁሉ ይረሳል። ሲሞስም አብሮ ይረሳል።»

መልእክቱን እንዳለ አድርሻለሁ። እኔ በአፖሎን እንደማምን፣ አንተም ዓለም ሁሉ የውሃ ደለል ነው ስትል ሰምቼ እንዳላመንሁህ ታውቃለህ። ለዚህ ጉዳይ ግን ያንተ መልስ እንጂ የኔ እምነት አልተጠየቀም። አስበህ ጻፍ።

እኅትህ ቲሞናሳ


ቴሌስያስ ለታላቅ እኅቱ ለቲሞናሳ
ባሕር በሚዘጋበት ወር፣ በዚያው ዓመት

እትዬ፣ እንደምን ነሽ? ጉልበትሽስ? ይህን የምጽፈው በዝግታ ነው፤ ፊደሎቼን ቆጥረሽ ተቀበዪኝ።

ምን እየበላህ ነው ማለትሽ አይቀርም። ዓሣ። የደረቀ ዓሣ፣ በጨው የታሸ ዓሣ፣ እንግዳ ማክበር ሲፈልጉ ደግሞ ትልቅ ዓሣ። የወይራ ዘይት እዚህ እንደ ሽቶ በጠብታ ነው የሚወጣው። ያከራየኝ ሰው እስኩቴሳዊት ሚስት አለችው። ለተማሪዎቼ ፀሐይ የጋለ የጭቃ ጓል ነው ስል ሰምታ ብቅ አለችና «አምላክ አይደለም?» አለችኝ። «አይደለም» አልኋት። «ታዲያ ማሞቁን ይተዋል?» «አይተውም።» «እንግዲያስ በጉን አላርድለትም» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። የኛ ጉባኤ በዚሁ ቃል ተጨቃጭቆ ተጨቃጭቆ ነው ያባረረኝ።

ለፓሲክሌስ የምሰጠው መልስ አጭር ነው። አልምልም።

ቤቴን እንዳልናፈቅሁ አድርገሽ አትቁጠሪው። ከግቢው በስተኋላ ያለችው የሮማን ዛፍ ሳይቀር ትናፍቀኛለች፤ ፍሬዋ የማይበላው። ግን በከርከሮው ሥጋ ላይ ቆሜ ያላየሁትን አየሁ ካልሁ፣ ዓመት ሳይሞላ ሌላ ንዳድ ይመጣል፣ ሌላ ሲሞስም ይፈለጋል። ያን ጊዜ አካፋ አምጡ የሚል ሰው ቢነሣ፣ «ይህን ያለው ቴሌስያስ እንኳ ኋላ ምሎ ተመልሷል» ይሉታል። ያንድ ሰው አንገት ላይ ያለውን ሐብል ለማውለቅ ሐብሉን ለመጪው ሁሉ ማሰር አልችልም።

ሲሞስን ግን አልተውሁትም። ባሕሩ ሲከፈት በሚኮን መርከብ ላኪልኝ። የምተኛበት ክፍል ለሁለት ይበቃል። ማንኮራፋቱን እሰማለሁ፤ ንግግሩን ግን ቻለው እንዳትዪኝ። ሐብሉን የበጠስሁ ዕለት ከሰደበኝ ስድብ ግማሹን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «በለሱን የበላኸው ከራስህ ነው እንዴ? ለኔ የተሰጠኝ ምሳ ነበር!» ነው ያለኝ።

እዚህ ባሕሩ በብርድ ሊረጋ ነው። እስከ ጸደይ ድረስ ድምፄን አትሰሚም።

ታናሽ ወንድምሽ ቴሌስያስ


ቲሞናሳ ለወንድሟ ለቴሌስያስ
ባሕር በሚከፈትበት ወር፣ በዚያው ዓመት

ወንድሜ፣ ክረምቱን እንዴት ወጣኸው? ጉልበቴን ስለጠየቅኸኝ አመሰግናለሁ፤ ባትጠይቀኝ ይሻል ነበር።

ፓሲክሌስ መልስህን ሲሰማ ብዙም አልተናደደም። «ጠብቄው ነበር» ብሎ ወጣ። በማግሥቱ በሲሞስ በር ላይ የባሕር ሽንኩርት ተሰቀለ፤ ምልክት ተደርጎበታል ማለት ነው።

ሲሞስን እንዳልኸው ልልክልህ ወደ ወደቡ ይዤው ወረድሁ። ሚኮን እህሉን እያስጫነ ነበር። አየንና ከመርከቡ ጠርዝ ላይ ሆኖ እጁን ዘረጋ።

«እሜቴ፣ ከዚያው ይቁሙ!»

«ሰው ጫንልኝ ልልህ ነው።»

«ፍየል ቢሉኝ እጭናለሁ። እርስዎንም ቢሉኝ ትከሻዬ ላይ አድርጌ እጭናለሁ። ሽንኩርት የተሰቀለበትን ሰው ግን አልጭንም። ባሕሩ ላይ ንዳዱን ቢያራግፍብኝስ?»

«እሱ ንዳድ የለበትም። ካንተ ይልቅ ጤነኛ ነው።»

«ዛሬ አዎን፤ የከተማውን ሊጭኑበት አይደል? የማን ጭነት እንደሆነ የታወቀ ዕቃ አልነካም።»

አንዱ መርከበኛ የሲሞስን የዕቃ ጥቅል አንሥቶ ውሃ ውስጥ ጣለው። ሲሞስ ቆሞ ጥቅሉ እየተንሳፈፈ ሲሄድ አየና ወደኔ ዞረ። «ይሻላል» አለኝ። «በባሕር ከሰጠምሁ ምን አገኛለሁ? በየብስ ከሄድሁ አይብ ይሰጡኛል።» ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ቤት ነው የሚያድረው። በሩን እኔ ራሴ እዘጋለሁ።

እንግዲህ አንድ መንገድ ብቻ ነው የቀረው። ልብ ብለህ አንብበው።

ጥራጊ የሚሆነው ዘመድ የሌለው ሰው ብቻ ነው። የሚያለቅስለት ካለው፣ ያ ንዳድ በለቅሶው መንገድ ተመልሶ ወደ ከተማ ይገባል ይላሉ፤ ስለዚህ ዘመድ ያለውን አይነኩም። ሲሞስ እናቱን አያውቅም፤ አባቱን እናቱም የምታውቀው አይመስለኝም። አንተ ደግሞ ልጅ የለህም። ጉባኤው ከከተማ አስወጣህ እንጂ በዘር የምንቆጠርበት የአባቶቻችን ማኅበር አልሰረዘህም። ልጅ የሌለው ወንድ አንድን ሰው በማኅበሩ ስም «ልጄ ነው» ብሎ ከማለ ልጁ ይሆናል። ሩቅ ያለ ሰው ባለበት ከተማ መሠዊያ ላይ ምሎ፣ ምስክሮች ማኅተም አድርገውበት፣ ቃሉን በብራና መላክ ይችላል። የማኅበሩን ሽማግሌ ይህን ጠይቄ አረጋግጫለሁ።

የመሐላው ቃል እንዲህ ነው፤ «በአባቶች አምላክ በዜውስና ንዳድን ልኮ በሚመልስ በአፖሎን እምላለሁ፤ ይህ ሰው ልጄ ነው።» ቃሉን ማሳጠር አይቻልም፤ ሞክሬአለሁ።

ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ። እስቲ እኔም ልጠይቅህ። ሰማይ ላይ የሚሰማህ ከሌለ፣ ለማን ብለህ ነው ቃልህን የምትቆጥበው? ወደ ቤትህ ለመመለስ አልምልም አልህ፤ እሺ ብዬ ተቀበልሁ። በወገኖችህም ፊት ኮራሁብህ፤ ይህን ግን ደግሜ አልጽፍልህም። አሁን የተጠየቀው የሰው ነፍስ ነው። ማል።

ቲሞናሳ


ቴሌስያስ ለእኅቱ ለቲሞናሳ
በሬ በሚታረድበት ወር፣ የበኩራት በዓል ሳይደርስ

እትዬ፣ ደብዳቤሽን ከተቀበልሁ ወዲህ እህል አልቀመስሁም ብልሽ ዓሣ ነው ብለሽ ትስቂብኛለሽ። ስለዚህ አልልም።

ከመልሴ በፊት አንድ ነገር ልንገርሽ። በዚህ ክረምት ባሕሩ ሲረጋ በላዩ ላይ ሄድሁበት። ውሃው በብርድ ድንጋይ ሆኖ የሰውና የፈረስ ሸክም ይችላል። ከዚያ ድንጋይ ቆርጬ አምጥቼ ደለሉን ለማየት በድስት አቀለጥሁት። ከሥሩ ምንም አላገኘሁም። ንጹሕ ውሃ ነው። ውሃ ድንጋይ የሚሆነው ደለል እያወረደ ነው ብዬ ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርሁት ትክክል አልነበረም ማለት ነው። ተማሪዎቼን ሰብስቤ ድስቱን አሳየኋቸውና «ተሳስቻለሁ» አልኋቸው። አንዱ «ታዲያ ያስተማርኸን ምን ይሁን?» አለኝ። «ድስት ይዘህ መጥተህ አረጋግጥ» አልሁት።

ይህን የምነግርሽ ለምን እንደሆነ ገብቶሻል። ባየሁት ነገር ተሳስቻለሁ ማለት አይከብደኝም፤ እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነው የማደርገው። ንዳድን አፖሎን ሲልክ ግን አላየሁም። ያየሁት ውሃው ሲቆም ሰው ሲታመም፣ ውሃው ሲፈስ ሰው ሲድን ነው። ቃሌን የምቆጥበው ለማን ነው ብለሻል። ለሰው ነው የምቆጥበው። ሰማይ ባይሰማኝም ሚርቶ ትሰማኛለች። ልጆቿ የሞቱት በአምላክ ቀስት ነው ብዬ ልማልባት? እሷ አካፋ መያዝ ነበረባት፤ እናንተ ሻሽ አስነከሳችኋት።

ስለዚህ ከዚህ ጋር ለማኅበሩ ሌላ ብራና ልኬአለሁ። በምስክሮች ፊት «እኔ ቴሌስያስ፣ ሲሞስን ልጄ ብዬ ተቀብያለሁ፤ ቤቴና እርሻዬ የሱ ነው» ብያለሁ። የአምላክ ስም የለበትም። ስሜ አለበት። ስሜ ካልበቃቸው ምን ያህል ዋሽቼባቸው እንደሆነ ይንገሩኝ።

አትቆጪኝ። ወይም ተቆጪኝ፤ ግን ብራናውን አድርሺልኝ።

ቴሌስያስ


ቴሌስያስ ለእኅቱ ለቲሞናሳ
በዚያው ወር፣ ያኛው መርከብ ከሄደ በኋላ

እትዬ፣ ጽሕፈቴን አትመልከቺ።

መርከቡ ከዓይኔ እስኪሰወር ወደቡ ላይ ቆምሁ። ከዚያ ወደ ቤት ስመለስ የአከራዬ ሚስት «የላክኸው መልካም ወሬ ነው?» አለችኝ። «እውነት የሆነ ወሬ ነው» አልኋት። «ሰውየው ይድናል?» አለችኝ። ፊቴን አየችና ሳህኔን ሳትሰጠኝ ሄደች።

ቃሌ ትክክል ነው። አንድ ፊደል አልለውጥበትም። ግን ያንን አንካሳ ሲያሳድዱት፣ ድንጋዩ ሲያርፍበት፣ እኔ ደግሞ እዚህ ለተማሪዎቼ ቃሌን እንዴት እንደጠበቅሁ ስነግራቸው ራሴን አየሁትና ጠላሁት።

በወደቡ መሠዊያ ላይ ማልሁ። በዜውስና በአፖሎን፣ ቃሉን ሳላሳጥር። ሦስት ነጋዴዎች መስክረው አትመውበታል። ከዚህ ጋር አለልሽ። ወጣት መርከበኛ በፈጣን ጀልባ እወስዳለሁ ስላለኝ በሱ ልኬዋለሁ፤ ሚኮንን ይቀድመዋል። ቀድሞ ከደረሰ ሽማግሌው ፊት አንብቢው። ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለሽ አንብቢው፤ ይህንን ዕዳዬን ሳልሸፋፍን ልቀበለው።

አትጽፊልኝ። ወይም አንድ ቃል ጻፊልኝ፤ አለ ወይም የለም ብለሽ።

ቴሌስያስ


ቲሞናሳ ለወንድሟ ለቴሌስያስ
የበኩራት በዓል ዋዜማ

ቴሌስያስ፣ ሰላምታውን ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ።

ያለ አምላክ ስም የላክኸውን ቃል በማኅበሩ ፊት አነበብሁት። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰማኝ። «አለቀ?» አለ። «አለቀ» አልሁ። «መሐላው የታለ?» «ስሙን ሰጥቷል።» ከኋላ አንዱ «ስሙን ለዓሣ ይስጥ!» አለና ማኅበሩ በሳቅ ፈረሰ። የአባታችን ማኅበር ነው፤ በአባታችን ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው የሳቁት። ብራናውን ጠቅልዬ ወጣሁ።

ሌላ ደብዳቤ ካንተ አልመጣም። ወደቡ ላይ ሰው አስቀምጬ ነበር፤ ከሰሜን የገባ ጀልባ የለም ብሎኛል።

ነገ ሲሞስን ሊወስዱት ይመጣሉ። አሁን ማዕድ ላይ ተቀምጦ ምስሩ ጨው እንዳነሰው እየነገረኝ ነው።

ልትል የፈለግኸውን አልሃል። አልቀየምህም፤ ለመቀየም ጊዜ የለኝም። እኔም ፓሲክሌስን ልለምነው ሄጄ ነበር፤ በሩን አልከፈተልኝም። ከእንግዲህ ደጅ አልጠናም። አፖሎንንም ማታ ስጸልይ የጠየቅሁት ምሕረት አይደለም፤ አንዱን ሰው ወንዝ ውስጥ ከትቶ ሌላውን ማዳን የሱ ሐሳብ መሆኑን ጠየቅሁት። የሱ ሐሳብ ከሆነ ራሱ ይምጣና ይንገረኝ። የሰዎች ሐሳብ ከሆነ ደግሞ ከሰዎች ጋር እነጋገራለሁ።

ምን ልታደርጊ ነው ብለህ ብትጠይቀኝ አልመልስልህም። መቀሴን ሞርጄዋለሁ፤ ሌላ የምነግርህ የለም።

ቲሞናሳ


ቲሞናሳ ለወንድሟ ለቴሌስያስ
የበኩራት በዓል ካለፈ በኋላ

ወንድሜ ሆይ፣ ሰላም ላንተ ይሁን። አለ።

ድምፄ ስለጠፋ በእጄ ብቻ ነው የምናገረው። ሲሞስን የምሻውን ነገር በጣቴ አሳየዋለሁ፤ እሱም ሆነ ብሎ ሌላ ያመጣልኛል። ጸጉሬንም ቆርጬዋለሁ፤ ስለዚህ ሚኮን «እሜቴ እንደ ተላጨች በግ ሆነዋል» ቢልህ አትደንግጥ። ሌላም ነገር ያወራልሃል፤ እሱ ወሬ ማሳመር ስለሚወድ የሆነውን ከኔ ስማ።

ሲሞስን ይዘውት ሲወጡ ከከተማው በር ደፍ ላይ ቀድሜ ቆሜ ነበር፤ ጥቁር ለብሼ፣ አመድ ነስንሼ። ቂጣውንና አይቡን ሰጡት። በለሱን አንገቱ ላይ አሰሩ። ዋሽንት ነፊው ጀመረ። እኔም ጀመርሁ።

ሙሾ እንዴት እንደሚወርድ የአባታችን አክስት አስተምራኛለች፤ እሷም እንደ አባታችን ዱላ ትወድ ነበር። ሲሞስን «ልጄ» አልሁት። «ማን እንደወለደህ ሳላውቅ የቀበርሁህ ልጄ» አልሁት። ለአባታችን ካወረድሁት ሙሾ አንድም ቃል አልቀነስሁለትም። ፓሲክሌስ እየሮጠ መጣ።

«ዝም በይ! ዘመዱ አይደለሽም!»

«የማን ዕንባ ነው የምታየው ፓሲክሌስ? ያንተ ነው ወይስ የኔ?»

«ያለ መሐላ ዘመድ የለም!»

«ወንዶች በመሐላ ትዛመዳላችሁ። እኛ ግን የሞተ ሰው ስናጥብና ስናለቅስ ማንም አስምሎን አያውቅም። ለእናትህ ሳለቅስላት ማዪ ብለኸኝ ነበር?»

ይህን ብዬ ወደ ሲሞስ ተመለስሁ። ከወደ ሸክላ ሠሪዎቹ ሠፈር በኩል አንዲት ሴት ጮኸች። ሚርቶ ነበረች። የልጆቿን ስም አልጠራችም፤ ሲሞስን ነው የጠራችው፤ ግን ስለማን እንደምታለቅስ ያልገባው አልነበረም። ከዚያ ሌላዋ ቀጠለች፣ ከዚያ የሁሉም በር። ዓመት ሙሉ ማልቀስ የተከለከለች ከተማ ናት፤ ቴሌስያስ። የፓሲክሌስ ምራት ሳትቀር አለቀሰች። ዋሽንት ነፊው ዋሽንቱን ከአፉ አወረደ። ሽንኩርቱን የያዙት ጎረምሶች እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ከመሃላቸው የገዛ እናቱ ስታለቅስ ያየ ነበረ። እንዲህ የተለቀሰለትን ሰው ከበር አውጥተው ንዳዱን በዚህ ሁሉ ለቅሶ ሊመልሱት ማን ይደፍራል? ሕጉ የራሳቸው ነው።

ሲሞስ መካከላቸው ተቀመጠና አይቡን በላ። ሰው ሁሉ ሲያለቅስለት እሱ ብቻ ነበር የሚበላው። ኋላ ላይ ስጠይቀው «ስታለቅሱልኝ እውነት የሞትሁ መሰለኝ፤ ስለዚህ መብላት መቻሌን ላረጋግጥ ብዬ ነው» አለኝ። ያንተ ተማሪ መሆን ይችላል።

የመጣብኝን አልደብቅህም። ጉባኤው የአርጤምስን ቤተ መቅደስ እንዳልረግጥ ከልክሎኛል። ሲሞስ የሚያጠፋው ሁሉ በኔ ነው፤ ሲሞት የምቀብረውም እኔ ነኝ። አንድ ሰው በራችን ላይ ድንጋይ ወረወረ። ንዳዱም አልቆመም፤ ትናንት ሁለት ሰው ሞተ። ጥፋቱ የኔ ነው የሚሉ አሉ። ይበሉ። ለሁለቱም ሄጄ ባለቅስላቸው ደስ ይለኝ ነበር፤ ድምፅ የለኝም እንጂ። ሚርቶ ግን በአደባባይ ጮኻ አለቀሰችላቸው፤ ማንም አልከለከላትም።

በአርጤምስ ፈንታ ግቢዬ ውስጥ ቆሜ እጸልያለሁ። አሁንም አምናለሁ። ወዳንተ ወገን አልተሻገርሁም፤ በዚህ ተማሪዎችህን እንዳታሳስት።

አሁን ወደ መሐላህ ልምጣ። ፈጣን ነው ያልኸው ጀልባ ነፋስ ገትሮት ከበዓሉ በኋላ ነው የገባው። ማኅተሙን ፈትቼ ለብቻዬ አነበብሁት። ማንም አልሰማውም። በዜውስና በአፖሎን፣ ቃሉን ሳታሳጥር።

ብዙ ሰዓት ይዤው ተቀመጥሁ። ታናሽ ወንድሜ ለአንድ ተሳዳቢ አንካሳ ሲል ዕድሜውን ሙሉ የገነባውን በአንድ ቀን አፍርሶ ልኮልኛል። ላለቅስ ነበር፤ ዕንባዬን ግን ጨርሼዋለሁ። ከዚያ ጽሕፈት የምፍቅበትን ድንጋይ አምጥቼ ብራናውን ፋቅሁት። መሐላ መፋቅ ምን እንደሆነ እኔ ካንተ በላይ አውቃለሁ፤ አንተ በማታምነው ነገር ነው የማልኸው፣ እኔ የፋቅሁት በማምንበት ነገር ነው። አፖሎን ቅጣት ካለው ከኔ ይቀበል። ሰውን ካስፈራሩ በኋላ የተቀበሉትን ቃል አምላክ ይፈልገዋል ብዬ አላምንም፤ ጉባኤው ግን ይፈልገዋል፤ ስለዚህ አያገኘውም።

ዛሬ ጧት ፓሲክሌስ በር ላይ ቆመ። አልገባም፤ እኔም ግባ አላልሁትም።

«ከወንድምሽ ጀልባ መጥቷል አሉ» አለኝ።

እንደ ምንም ብዬ በሹክሹክታ «መጥቷል» አልሁት።

«ምን ላከ?»

በሕይወቴ ዋሽቼ አላውቅምና ዛሬም አልዋሸሁትም። «ባዶ ብራና» አልሁት።

በእጅህ የያዝኸው እሱ ነው።

እኅትህ ቲሞናሳ